አሥራ አምስት ደቂቃ ውሃ

የሻረግ ሮም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትኖር አንድም ቀን ባሕር ዳር አልወረደችም። ለሰሚው ተረት ይመስላል። ከከተማው መሃል ተነስቶ ኦስቲያ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲግል ሕዝቡ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በባቡር ወደዚያ ይጎርፋል። የሰፈሩ ሴቶች እንሂድ ብለው ያልለመኑበት ዓመት የለም። «ፀሐይ ራሴን ያመኛል» ትላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሥራ አለብኝ»።

ወንዙንም ቢሆን የምትሻገረው በዘዴ ነበር። የምትኖረው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ነው፤ የምትሠራው ግን ከወንዙ ማዶ፣ ሌፓንቶ አጠገብ፣ ሲኞራ ቴሬዛ የሚባሉ የዘጠና ዓመት አሮጊት ቤት ነው። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። ወደዚያ የሚወስዳት ሜትሮ መንገዱን ሁሉ እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች ሲሄድ ይቆይና ፍላሚኒዮ ጣቢያን ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ወደ ብርሃን ብቅ ይላል። ድልድይ ላይ ነው፤ ከሥሩ ቴቬሬ ወንዝ ይፈስሳል። የሻረግ ፍላሚኒዮ ላይ በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሚነግራት ጆሮዋ ነው፤ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይሳሳል፣ ዋሻው ውስጥ ሲገባ እንደገና ይታፈናል። ሲታፈን ትገልጣለች። አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁ።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2003 በጋ ላይ ነው። ያኔ የአራት ዓመት ልጇን አምለሰትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከሊቢያ ጠረፍ በአንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተሳፈረች። ሰባ ሰው ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጀልባዋ በአንድ ጎን ተንጋደደች። ከዚያ በኋላ ያለውን የሻረግ በሙሉ ታስታውሳለች፤ አምለሰት ግን ምንም አታስታውስም። ልጅ ነበረች። እንዲያውም ይግረማችሁ ብሎ፣ ያቺው ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከትምህርት ሁሉ መርጣ የባሕር ፍጥረታትን ጥናት ተማረች፤ ጃኮፖ የሚባል እንደሷው ባሕር ጠላቂ የሆነ ሮማዊ አገባች፤ ሁለቱ ተያይዘው ማዮት ሄዱ።

ማዮት በአፍሪካና በማዳጋስካር መካከል ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትንሽ የፈረንሳይ ግዛት ናት። ካርታ ላይ ለማየት መነጽር ይፈልጋል። ግን ምን ያለች ግሩም ቦታ መሰለቻችሁ! ዙሪያዋን ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ለብዙ ሺህ ዓመታት በትዕግሥት የገነቡት አጥር አላት፤ ውቅያኖሱ መጥቶ በዚያ አጥር ላይ ይሰበራል፣ ከውስጥ ያለው ውሃ እንደ ሐይቅ ረግቶ ይተኛል። የባሕር ኤሊዎች እዚያ ሣር ይግጣሉ። አምለሰት ሥራዋ እነሱን መቁጠር ነበር። ፎቶ ትልካለች፤ የሻረግ ፎቶዎቹን የምታያቸው የውሃውን ክፍል በአውራ ጣቷ ሸፍና ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አምለሰት ደወለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በእኛ ወግ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው፤ የሻረግም አልጋውን በመስኮቱ በኩል አዙራ፣ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ ትጠብቅ ነበር።

«እማዬ፣ መምጣቴ ቀረ።»

«ምን ማለት ነው ቀረ?»

«ደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል። ዶክተሯ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ አለችኝ። አይዞሽ፣ እዚህ ማዋለድ ከጥንት የለመዱ ናቸው።»

«ማን ነው አጠገብሽ የሚሆነው?»

«ጃኮፖ አለ።»

«ጃኮፖ ወንድ ነው!»

«አውቃለሁ እማዬ፤ አይቼዋለሁ።»

የሻረግ አልሳቀችም። ደም ግፊት የሚለው ቃል ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር። የራሷ ታላቅ እህት በመጀመሪያ ልጇ ላይ የሞተችው በዚሁ ነው፤ ራሴን አመመኝ ስትል ውላ ማታውን አለፈች፣ እናታቸው ሳትደርስላት። «እመጣለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው።

በማግስቱ ወሬውን ይዛ ጋሽ ኒኖ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ኒኖ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው፣ አባታቸው ጣሊያን ነበሩ፤ ሮም ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለችው የሐበሻ ቡና ቤት አይጠፉም። የቦታ ስም ከሰሙ መንገዱን ሳያጠኑ አያድሩም፤ ሰው ወደ ሰማይ ቤት ሄደ ቢሏቸው እንኳ በየት በኩል ብለው የሚጠይቁ ናቸው።

ስልካቸውን አውጥተው በሁለት ጣት እየዘረጉ አዩ። «አሎራ፣ ከፊውሚቺኖ ፓሪስ። ከፓሪስ ማዮት። አውሮፕላን ማረፊያው እዚህች ትንሿ ደሴት ላይ ነው።» ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። «ሆስፒታሉ ደግሞ እዚህ፣ ትልቋ ላይ።»

«ድልድዩ የት ነው?»

«ድልድይ የለም።»

«ታዲያ ሰው በምን ይሻገራል?»

ጋሽ ኒኖ ቀና ብለው አዩዋት። ስለ ውሃ ያላትን ነገር ሰፈሩ ሁሉ በጨረፍታ ያውቃል። «በባርጅ» አሉ ቀስ ብለው። «መኪና የሚጭን ጠፍጣፋ መርከብ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ።»

የሻረግ እዚያው ቆማ ለልጇ ደወለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው» አለች አምለሰት። ከዚያ ድምጿን አለዘበች። «ጃኮፖ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ ይቀበልሻል። እጅሽን ይዞ ያሻግርሻል። እሺ?»

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ጋሽ ኒኖ አንድ ሐሳብ አመጡ። «ውሃ እንደ መኪና መሪ ነው፤ በልምምድ ይለመዳል» አሉና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቪላ ቦርጌዜ ወሰዷት። እዚያ መናፈሻው መሃል ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ዳክዬ ይዋኝባታል፣ ጎብኚ በኪራይ ጀልባ ይቀዝፍባታል። የሻረግ መሳፈሪያው ላይ ቆማ ሩብ ሰዓት ያህል ጀልባዋን ብቻ አየች። ከዚያ ተቀመጠች። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ጣቶቿ ነጡ።

«ውሃው ጉልበትሽ አይደርስም እኮ!» አሉ ጋሽ ኒኖ እየቀዘፉ። ቀዘፋ አይችሉበትም፤ ጀልባዋ በክብ ትዞራለች።

«ጉልበቴን ምን አገባው፣ ጋሽ ኒኖ። እርስዎ ብቻ ቀጥ ብለው ይሂዱ።»

«እኔ ቀጥ ብያለሁ፤ ሐይቋ ናት ጠማማ።»

ፈገግ ልትል ስትል የሌላ ጀልባ አፍንጫ ከኋላ ገጨት አደረጋቸው። የሻረግ ጮኸች። ጩኸቷ እንደ ጩቤ የሰላ ነበርና ሐይቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ፤ ዳክዬዎቹ እንኳ ተነሱ። ወደ መሳፈሪያው ሲመለሱ ከጀልባዋ የወጣችው በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ነው። ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ የሌለ የቤንዚንና የጨው ውሃ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዋ ውስጥ ይመጣባታል።

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ እንዲህ የጮኸብኝ ተሳፋሪ አልነበረም» አሉ ጋሽ ኒኖ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው። አራት ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ብቻ ይቀርሻል።»

ያን ሳምንት የሻረግ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ማጠራቀም ጀመረች፤ አገር ቤት ሃይላንድ የሚባለውን። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በዚያች የሊቢያ ጀልባ ላይ ኣብሰሎም የሚባል አንድ የከረን ልጅ ነበር። ከመሳፈራቸው በፊት ባዶ ሃይላንድ ሰብስቦ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ አየር የሚያስወጣውን ይጥላል፤ ደህናውን በብብት ሥርና በጀርባ በጨርቅ ያስራል። ብዙዎቹ ሳቁበት። የሻረግ ግን ነጠላዋን ቀድዳ አራቱን በልጇ ደረት ላይ አሰረች። ጀልባዋ ስትንጋደድ አምለሰት እንደ ቡሽ ተንሳፈፈች፤ እናትየው እሷን ይዛ ተንሳፈፈች። ኣብሰሎም የራሱን ፈትቶ ለአንዲት ሴት ሲሰጥ አይታዋለች። ከዚያ በኋላ አላየችውም። ስለዚህ የሻረግ በመርከብ ብረትም ሆነ በካፒቴን አታምንም፤ የምታምነው በሃይላንድ ነው። ስምንት መረጠች። ባዶ ስለሆኑ በፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ማንም ምንም አላላትም።

አምለሰት ዘጠኝ ወሯን ስትይዝ የሻረግ ተነሳች፤ ማዮት ስትደርስ ጠዋት ነበር። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ፊቷን መታት። የሻረግ ሌላውን ሳታይ በቀጥታ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ስምንቱን በአንሶላ ቅዳጅ ደረቷና ጀርባዋ ላይ አሰረች፤ ከላይ የሮም የክረምት ካፖርቷን ደረበችና ቆለፈች። ጃኮፖ ቢያይ ያፍርብኛል ብላ ነው ካፖርቱ።

ጃኮፖ ግን አልነበረም። ስልኳን ስትከፍት ድምፁ መጣ፤ ይቆራረጣል። «ማማ፣ ስኩዛ፣ ይቅርታ። ሌሊት ራሷን አመማት። ግፊቱ ጨመረ፣ ምጡም ጀመረ። ልተዋት አልችልም። ታክሲ ይዘሽ ወደ ባርጁ ሂጂ። ፕሬስቶ፣ ቶሎ በይ ማማ። ትጠራሻለች።»

ራሷን አመማት። የሻረግ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ታክሲ ውስጥ ገብታ «ባርጅ» ብቻ አለች፤ ሹፌሩ ገባው።

መሳፈሪያው ላይ ሰልፍ ነበር፤ ከሰልፉ ፊት ሁለት ፖሊሶች ወረቀት ያያሉ። ይህ እዚያ የየቀን ነገር ነው። ከጎረቤት የኮሞሮስ ደሴቶች ሰዎች በትናንሽ ጀልባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ይመጣሉ፤ የሚደርስም አለ፣ የማይደርስም አለ፤ ፖሊሱም ይፈትሻል። የሻረግ ይህን ከልጇ ሰምታ ነበር። ፓሳፖርቶዋ የጣሊያን ነው፣ ምን ያስፈራታል? ያም ሆኖ ላቧ በካፖርቱ ውስጥ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ በከናቴራ ቆሞ እሷ ብቻ እንደ ጥር ወር ተጀቡናለች። ወጣቷ ፖሊስ በእጇ ነይ ብላ ጠራቻትና ክንዷን ነካ ስታደርግ ከካፖርቱ ውስጥ ፕላስቲኩ ቋ ብሎ ጮኸ።

ፖሊሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በምልክት፦ አውልቂ።

የሻረግ አዝራሮቹን ፈታች። ካፖርቱ ሲከፈት ስምንቱ ሃይላንድ በፀሐይ አብለጨለጩ። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ፤ የሚያጅበው ሲያጣ ዝም አለ። እዚያ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደረት ላይ ታስሮ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፖሊሷ ወደ የሻረግ እግር አየች፤ ጫማዋ ደረቅ ነው። ፓሳፖርቶውን ገጽ በገጽ ገለጠች፣ የትውልድ ቦታው ላይ ቆመች። የሻረግ የአውሮፕላን ትኬቷን በሁለት እጇ ዘረጋች። «በአውሮፕላን ነው የመጣሁት! ልጄ ልትወልድ ነው!» ትላለች በጣሊያንኛ፣ ሲጠፋባት በአማርኛ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እንድትፈታ ተደረገ፤ ፖሊሷ እያነሳች በብርሃን አየቻቸው። በዚህ መሃል ባርጁ ጥሩንባውን ነፋና ሄደ።

ወረቀቷ ተመለሰላት። ቀጣዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የሻረግ መሬት ላይ ተቀምጣ ቅዳጁን በጀርባዋ ለማዞር ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዙላትም። እህቷ ከረፋድ እስከ ማታ ነበር የቆየችው። አሁን ስንት ሰዓት ነው? ሌሊት ከሆነ የጀመራት? ጠርሙሱ ከእጇ አመለጠና ተንከባለለ።

አንዲት ሴት አነሳችው። ስልሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደማቅ ጨርቅ አገልድማለች፣ ፊቷን የዚያ አገር ሴቶች ለጌጥና ለፀሐይ በሚቀቡት ቢጫ ቅባት ለብጣለች። ጠርሙሱን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ አየር እንደማያስወጣ ስታውቅ ከየሻረግ ጀርባ ተንበርክካ ማሰር ጀመረች። ሁለት ሁለት በየብብቱ ሥር፣ አራት በጀርባ፣ ቋጠሮው በጎን፣ በአንድ ጊዜ የሚፈታ። የሻረግ አልጠየቀችም። እንዲህ ማሰር ከመጽሐፍ አይማሩትም። ፖሊሷ ከሩቅ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች።

ባርጁ መጣ። መኪኖቹ ገቡ፤ ሰዎቹ ገቡ። የሻረግ መወጣጫው ብረት ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች፤ ሁለተኛው አልከተላትም። ከሥር በክፍተቱ አረንጓዴ ውሃ ይላወሳል። ከኋላ የሞተር ብስክሌት ጥሩንባ ነፋባት። ሴትዮዋ ክርኗን ይዛ ሳትጎትት፣ ሳትገፋ፣ እንዲሁ ቆመች። ያንን እግር እንዴት እንዳነሳችው የሻረግ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሳ የናፍጣው ሽታ መጣ፤ ይኼኛው የእውነት ነበር። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግን እዚህ ጆሮ ምንም አይጠቅምም፤ ድምፁ አንድ ነው፣ የሚታፈንበት ዋሻ የለም። መርከቡ በዚያ የኮራል አጥር ውስጥ ነውና ውሃው የተኛ ነው፤ ሕፃናት እየሮጡ ይጫወታሉ፣ አንድ ሰው ዳቦ ይበላል። ለሷ ግን ከእግሯ በታች ያለው ብረት ስስ ልጥ ነበር። ሃምሳ ስትቆጥር ቁጥሩ ጠፋባት። እንደገና ከአንድ ጀመረች። አጠገቧ ሴትዮዋ በከንፈሯ ጸሎት ታነባለች።

ጸሎቱ ድንገት ቆመ። የሻረግ ዓይኗን ገለጠች።

አንድ የፖሊስ ፈጣን ጀልባ በጎናቸው ያልፋል፤ ከኋላው በገመድ አንዲት ጠባብ ጀልባ ይጎትታል። ባዶ ናት። ወለሏ ላይ አንድ ሰማያዊ ሸራና አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር። ሰዎቹን ቀድመው አውርደዋቸው ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ጀልባዋ ላይ ይህን የሚናገር ነገር የለም። የመርከቡ ሰው አየና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሴትዮዋ ግን ጀልባዋን እስክትርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት፤ እጇ የየሻረግን እጅ አግኝቶ ነበር፣ አጥንት እስኪያም። የሻረግም ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃውን በሙሉ ዓይኗ አየችው። ውብ አልመሰላትም። ያው ነው፤ ለስላሳ፣ አንጸባራቂ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፊት።

ማዶ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቋጠሮውን በአንድ ጎተታ ፈታች። ጠርሙሶቹን አሳየቻትና በምልክት ጠየቀች፦ ልውሰዳቸው? የሻረግ ራሷን ነቀነቀች፤ ካፖርቱንም ጨመረችላት። ለማን እንደምትወስዳቸው አላሰበችበትም። ሮጠች።

የማዋለጃው ኮሪደር በሴቶች የተሞላ ነበር። ጃኮፖ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ማማ» ብሎ አቀፋትና ወደ ውስጥ አስገባት። አልጋው ላይ ያለችው አምለሰት ፊቷ አብጦ፣ ክንዷ ላይ መለኪያው ታስሮ፣ የሻረግ ልጇን ሳይሆን መጀመሪያ እህቷን ያየች መሰላት።

«እማዬ» አለች አምለሰት። «በምን መጣሽ?»

«በውሃ።»

«ብቻሽን?»

«አትናገሪ፣ አትናገሪ አንቺ። ራስሽን ያምሻል?»

«አሁን ትንሽ ቀለል ብሎኛል። መድኃኒት ሰጥተውኛል።» ከዚያ ምጡ መጣና ቃሉን ከአፏ ነጠቀው።

ክንዷ ላይ ያለው መለኪያ እየተነፋ ነበር። አዋላጇ ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ አለች፤ ፊቷ ምንም አይናገርም። የሻረግ የፈረንሳይ ቋንቋ አታውቅም፣ ቁጥሩ ግን የሁሉም ነው፤ ሲኞራ ቴሬዛን በየጠዋቱ የምትለካው እሷ ናት። አንድ መቶ ስልሳ ስምንት። ቅድም ስንት ነበር? ብላ ጃኮፖን በዓይኗ ጠየቀችው። በጣቶቹ አሳያት፦ መቶ ሰማንያ።

እየወረደ ነው። ወይም ለጊዜው ነው። የሻረግ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ራስጌ ቆመች፣ ልጇ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ እንድትሰካ እጇን ሰጠቻት፤ እናቷ ለእህቷ ሳትደርስ የቀረችበትን፣ ሴቶች ምጥ ላይ የሚሉትን ጀመረች። «ማርያም፣ ማርያም። ማርያም፣ ማርያም።» ጃኮፖ ቃሉን እንጂ ዜማውን አያውቅም፤ ቢሆንም ከሁለተኛው በኋላ ከአልጋው ማዶ ሆኖ አብሯት ይል ጀመር፣ እሷ ስታቆም እያቆመ፣ መለኪያው እንደገና እስኪነፋ።